የአልታየች ንፍሮ

ጣባው በለቅሶው ድንኳን ውስጥ ከሰው ወደ ሰው አለፈ እንጂ አንድም እጅ ከንፍሮው አልዘገነም። ከፊት የተቀመጡት መምህራን አጠገባቸው ላለው አቀበሉ፤ እሱም ቀጥሎ ላለው አቀበለ። አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጾም ላይ ነኝ አለ። የነቢያት ጾም ከገባ ሳምንቱ ነበርና ምክንያቱ ያስኬዳል። ነገር ግን ይኸው ሰው ትንሽ ቀደም ብሎ ከሌላ ቤት የመጣ ንፍሮ እፍኝ ሙሉ ሲቅም ሐዘን የተቀመጠው መልአኩ አይቶታል።

ጣባው ዞሮ ዞሮ ከድንኳኑ በር ደረሰ። የመልአኩ ታላቅ እህት እታገኘሁ ተቀበለችና በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ወደ ጓሮ ወሰደችው። መልአኩ ከሐዘንተኛ ፍራሹ ላይ ሆኖ በሸራው መጋጠሚያ በኩል ያያታል። ንፍሮውን ለዶሮዎች በተነችው። ጣባውን አለቅልቃ መለሰችና ንፍሮውን ያመጣችው ሴት አጠገብ አስቀመጠችላት። እጅ ለእጅ አላቀበለቻትም።

ሴትዮዋ ከድንኳኑ ውጭ፣ ገመዱ ከታሰረበት ካስማ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጣለች። አልታየች ትባላለች። ከመካነ ሰላም ዳር፣ ወደ ወግዲ የሚወስደው መንገድ ቁልቁል መውረድ ከሚጀምርበት የምትኖር ሸክላ ሠሪ ናት። ዕድሜዋ ከስድሳ አልፏል፤ ግን በሰፈሩ እማማ ወይም እትዬ ብሎ የሚጠራት የለም። ሕፃኑም ሽማግሌውም አልታየች ይላታል። ድስቷን ሁሉም ይገዛታል፤ ከእጇ የሚበላ ግን የለም። የሸክላ ሠሪ ዓይን ሰው ይበላል ይባላልና።

አንድ የሚበላ ሰው ነበር። እሱንም ትናንት ቀበሩት። የመልአኩ አባት አባተ ነው።

አባተ ለሠላሳ ዓመት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት ከሥራ ሲወጣ በቀጥታ ወደ ቤቱ አይመጣም። ቁልቁለቱን ወርዶ አልታየች ቤት ይገባል፤ እዚያ ቁርሱን በልቶ፣ ረፋድ ላይ ቀስ እያለ ይመለሳል። ሰው ያያል። ሰው ያወራል። መልአኩ ዘጠነኛ ክፍል ሳለ የክፍሉ ልጆች አባቱን «የአልታየች እንግዳ» የሚል ስም አውጥተውለት ነበር። አንድ ሐሙስ አባቱ አብረን እንውረድ ቢለው፣ መልአኩ መታጠፊያው ላይ ቆሞ አልሄድም አለ። አባተ አልተቆጣም። እሺ ብሎ ብቻውን ወረደ። ከዚያ ወዲያ ደግሞ አልጠየቀውም።

መልአኩን ያሳፈረው ይህ ብቻ አልነበረም። አባቱ የሰው ሁሉ ታናሽ ነበር። ሰርግ ቤት ሲጠራ ከበሩ ሥር ይቀመጣል። የማያውቀውን አላውቅም ይላል፤ የአሥር ዓመት ልጅ ሲያስረዳው እንኳ ጆሮውን ሰጥቶ ይሰማል። አንድ ቀን የትምህርት ቤቱ በር ክፍት አድሮ ከብቶች ገብተው የተተከለውን ችግኝ ጨረሱት። በሩን ክፍት የተወው የምክትል ርዕሰ መምህሩ እንግዳ ነበር፤ ተማሪው ሁሉ ያውቃል። ምክትሉ ግን በሰልፉ ፊት አባተን አቁሞ ሰደበው። አባተ ኮፍያውን አውልቆ ጥፋቱ የእኔ ነው አለ። መልአኩ በሰልፉ መሐል መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ከትምህርት መልስ ቤት ሲገባ ለምን ዋሸህ ብሎ ጮኸበት።

«አልዋሸሁም» አለው አባቱ። «ማንም ይክፈተው፣ በሩ የእኔ ነው። ሰውዬውም በተማሪ ፊት ተቆጥቶ ከቁጣው የሚወርድበት አጥቶ ነበር።»

መልአኩ ያን ቀን አባቱ ፈሪ ነው ብሎ ደመደመ። እሱ ራሱ አድጎ ሰባኪ ሲሆን ስለ ትሕትና ከማንም የበለጠ አስተማረ። ድምፁ ያምራል፤ መጽሐፍ ያውቃል። ባለፈው ወር እግር ስለ ማጠብ የሰበከው ከስልክ ወደ ስልክ ተላልፎ አቀስታ ድረስ ተሰምቷል። በዚያ ሁሉ ስብከት ውስጥ ግን አንድም ጊዜ አባቱን ምሳሌ አድርጎ አያውቅም።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ለቀስተኛው ጋብ ሲል እህቱን ጠርቶ ንፍሮውን ለምን እንደደፋችው ጠየቃት። እታገኘሁ ከወግዲ የመጣችው ሦስት ልጆቿን ይዛ ነው። ቤቱ ውስጥ ልጆች እንዳሉ፣ አባታቸው የወደደውን ይበላ እንደነበር፣ እሷ ግን ልጆቿን አስይዛ እንደማትጫወት ነገረችው። ነገ ሣልስት ነው፤ የንስሐ አባታቸውም ሁለት ቃል እንዲናገር ጠይቀውታል። ነገ ለሁሉም አሳያቸዋለሁ ሲል በልቡ ቆረጠ።

በሣልስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ድንኳኑ ጢም ብሎ ሞላ። ቅሬው፣ የሰፈሩ ክርስቲያንና እስላም በአንድነት ለቅሶ የሚሸከምበት ማኅበር፣ ተጨማሪ ሸራ ዘርግቶ ነበር። አልታየች እንደ ትናንቱ ንፍሮዋን በጣባ ይዛ መጥታ ከካስማው ሥር ተቀምጣለች። ቄሱ መልአኩን እንዲናገር ጋበዙት። የሰንበት ትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ምንይችል ስልኩን ከፍ አድርጎ መቅረጽ ጀመረ።

መልአኩ ተነሥቶ በቀጥታ ወደ ካስማው ሄደ። እናታችን አልታየች ወደ መሐል ነይ አላት። ራሷን ነቀነቀች። ክንዷን ይዞ አስነሣት፤ እየመራም አምጥቶ በሕዝቡ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጣት። ከዚያም አስተማረ። ሰው ሁሉ ከአንድ ጭቃ እንደተሠራ፣ እኛ የናቅነውን እግዚአብሔር እንዳከበረው፣ አባቱ ይህን አውቆ እንደኖረ፣ እኛ ግን ንፍሮዋን ለዶሮ እንደበተንን ተናገረ። እታገኘሁ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። መልአኩ ጣባውን ወደ ላይ አንሥቶ ለሁሉም አሳየና በሙሉ እፍኙ ዘግኖ በላ። ሴቶቹ አለቀሱ። ከእኔ ጋር የሚበላ ማነው ሲል አምስት ስድስት ሰው መጥቶ ዘገነ። እንዲህ ያለ ስብከት ሰብኮ አያውቅም።

አልታየች ይህ ሁሉ ሲሆን እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ መሬት መሬት ታያለች። ሲጨርስ ተነሣች። ድምፅዋ ከፍ አላለም፤ ግን ድንኳኑ ጸጥ ብሎ ስለነበር ሁሉም ሰማት።

«መልአኩ፣ እኔ የመጣሁት አባትህን ላለቅስ ነው» አለች። «ሦስት ቀን ሙሉ አላለቀስኩም። አንተም ማስተማሪያ አደረግኸኝ እንጂ አላስለቀስከኝም።»

ጣባዋን ከእጁ ተቀበለችና በለቀስተኛው መሐል አልፋ ሄደች።

ቄሱ ግሩም ትምህርት ነበር አሉት። ምንይችል ትከሻውን መታ መታ አደረገው። መልአኩ ሴትዮዋ ሰው በዝቶባት ተደናግጣ ነው ሲል ራሱን አጽናና። በበነጋታው ረፋድ ኔትወርክ ሲመጣ ስልኩ መጮህ ጀመረ። ምንይችል ቪዲዮውን ለቆት ኖሯል። እሷ ተነሥታ የተናገረችው ተቆርጦ ቀርቷል። ሦስት ሺህ ሰው አይቶታል። ቃለ ሕይወት ያሰማልን፣ እውነተኛ የወንጌል አርበኛ፣ እንዳንተ ያሉትን ያብዛልን ይላል ከሥሩ የተጻፈው። መልአኩ ፍራሹ ላይ ጋደም ብሎ አንድ በአንድ አነበበ። ያነበበውን ደግሞ ከላይ ጀምሮ አነበበ። ቀና ሲል ባዶው የአባቱ መደብ ፊት ለፊቱ አለ። ያኔ ነው አንድ ሰዓት ሙሉ አባቱ መሞቱን ረስቶ እንደነበር የገባው።

ስልኩን አጥፍቶ ወደ ግቢው ወጣ።

የቅሬው ዳኛ አያ ሙሐሲን ድንኳኑን እያስፈቱ ነበር። ከአባተ ጋር አንድ ሰፈር አድገዋል፤ ቀብሩም ላይ ሳጥኑን ከተሸከሙት አንዱ ናቸው። ከትናንት ጀምሮ መልአኩን አላናገሩትም። አጠገባቸው ሄዶ ገመዱን ይጠቀልልላቸው ጀመር። አንዱን ገመድ ጠቅልለው ሲጨርሱ አባትህ ለምን አልታየች ቤት ይሄድ እንደነበር ታውቃለህ ወይ ሲሉ ጠየቁት። ሩኅሩኅ ስለነበረ ነው አላቸው።

«አይደለም» አሉ። «ና እዚህ ቁጭ በል።»

የተጠቀለለው ሸራ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። አያ ሙሐሲን ዓይናቸውን ከገመዱ ሳያነሡ ነገሩት። መልአኩ የአራት ዓመት ልጅ ሳለ በጠና ታሞ ነበር። ትኩሳቱ አልወርድ፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ አለ። አንዲት ጎረቤት፣ ከትናንት ወዲያ ወንዝ ዳር አልታየች ልጁን አይታ ሲያምር ብላለች አለች። በቃ፣ በላችው ተባለ። የበላ ሰው ልብስ ተቀዶ ካልታጠነበት ልጁ አይተርፍም ተባለ። አባተ ማጭዱን ይዞ ሄደ። እሷ የነበራት አንድ ቀሚስ ነውና አላስነካም አለች። አባተ ጎትቶ አወጣትና በጎረቤት ፊት ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ድረስ ቀደደ። አጠኑት፤ ልጁ ግን ሳል ብቻ ጨመረ። በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሲወስዱት የሳንባ ምች ነው ተባለ፤ በሦስተኛው መርፌ ተነሣ። አልታየች ያን ቀሚስ ሰፍታ ክረምቱን ሙሉ ለበሰችው። ልጆች ስፌቱን እያዩ ይጠቋቆሙባት ነበር።

መልአኩ ለምን አልነገረኝም አለ።

«ብሎ ብሎ የእሷን ውርደት ለልጁ ያውራ?» አሉ አያ ሙሐሲን። «የራሱን ኃጢአት መናገር አይፈራም ነበር። የእሷ ነውና ዝም አለ። ሄዶ አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ እንዳላት አውቃለሁ። እንዴት አፉ እንዳለችው ግን አላውቅም፤ እሷን ጠይቃት።»

ሊነሡ ብለው እንደገና ተቀመጡ። ድምፃቸው ወረደ።

«ያን ቀን እጇን ከኋላ የያዝኳት እኔ ነኝ። ወላሂ፣ አባትህ ሄደ፤ እኔ እስከ ዛሬ አልሄድኩም። ስትሄድ ስሜን እንዳታነሣ። የምሄድ ከሆነ በራሴ እግር እሄዳለሁ።»

መልአኩ ምንይችል ዘንድ ሰው ልኮ አስጠራውና ቪዲዮውን እንዲያጠፋ ነገረው። ምንይችል ሕዝቡ እየተማረበት ነው፣ በሚቀጥለው ወር የስብከተ ወንጌል ኃላፊ ሲመረጥም ይጠቅምሃል ብሎ ተከራከረው። መልአኩ አጥፋው ሲል ደገመለት። ቢጠፋም ሌሎች ቀድተውታል፤ ተመልሶ የሚሰበሰብ ነገር አይደለም። ስለዚህ ይቅርታ የሚጠይቅ ሌላ ቪዲዮ ልሥራ ብሎ አሰበ። የሚናገረውን ሁሉ በልቡ አዘጋጀ፤ የት ላይ ድምፁን ዝቅ እንደሚያደርግ ሳይቀር። እዚያ ላይ ሲደርስ ራሱን ታዘበና ተወው።

በአምስተኛው ቀን ጋቢውን ደርቦ ሊወጣ ሲል እታገኘሁ በሩ ላይ ቆመች። ሐዘንተኛ ከቤት አይወጣም፤ ከሩቅ የመጣ ሰው ባዶ ፍራሽ ይቀመጥበት ወይ አለችው። ደግሞም በሰው ፊት ዶሮዋን ሳይቀር አንሥቶ እንዳዋረዳት ነገረችው። እውነቷን ነበር።

«አጥፍቻለሁ እትዬ» አላት። «ለአንቺም አጥፍቻለሁ።»

እታገኘሁ እንዲህ ያለ ቃል ከወንድሟ ሰምታ አታውቅም። ከበሩ ዞር አለችለት።

ቁልቁለቱን ወረደ። የከተማው ቤት እየሳሳ ይሄድና ከባሕር ዛፉ በታች አንዲት ጎጆ ብቻዋን ትቀራለች። አልታየች ግቢዋ ውስጥ ጭቃ ትረግጣለች። አየችው። እግሯን በጆንያ ጠርጋ ወደ ቤት ገባችና በሩን ዘጋች። መልአኩ ከአጥሩ ውጭ ትንሽ ቆሞ ተመለሰ። መንገድ ላይ ባጃጅ የሚጠብቁ ሁለት ሰዎች ሰባኪው ዛሬም ቀረጻ አለው እንዴ ተባባሉ። ሰምቷቸዋል። እንዳልሰማ አላለፈም፤ የለም ብሏቸው አለፈ።

በስድስተኛው ቀን በድጋሚ ሄደ። በመንገዱ ሁሉ የሚላትን ሲያደራጅ ነው የወረደው። በሩ ዝግ ነበር፤ ውስጥ ግን የሆነ ነገር ሲንኳኳ ይሰማል። እኔ ነኝ፣ መልአኩ ነኝ አለ።

«ምን ረሳህ?» አለችው ከውስጥ።

ያዘጋጀውን ጀመረ። ሁለት ዓረፍተ ነገር እንደተናገረ የራሱ ድምፅ ጆሮው ውስጥ ገባ። የአውደ ምሕረት ድምፁ ነበር። አቋረጠው።

«ነገ እመጣለሁ» አለ በመጨረሻ።

«ነገ አትምጣ።»

ቆርጦ የመጣ ሰው ነውና እመጣለሁ፣ በሩ ላይ አድራለሁ ሊል ነበር። ከበሩ በስተጀርባ ግን አንዲት ሴት ብቻዋን ቆማለች።

«እሺ» ብሎ ዳገቱን ወጣ።

ማግስቱ የሰባቱ ቀን ነበር። በቤተ ክርስቲያን ጸሎቱ ካለቀ በኋላ ቄሱ እንደተለመደው ቃል እንዲያሰማ ጠሩት። ሰውም ሊሰማው ተዘጋጅቶ ነበር፤ ከቪዲዮው በኋላ የመጡ አዲስ ፊቶችም ነበሩ። መልአኩ ዛሬ መስማት እንደሚሻለው ለቄሱ በጆሯቸው ነግሮ፣ ሄዶ ከደጀ ሰላሙ በር ሥር ከድኾቹ ጋር ተቀመጠ። አንድ ወጣት ሰባኪ በእሱ ፈንታ ተነሥቶ እየተንተባተበ ተናገረ። ጥቅስ ተሳሳተ። መልአኩ እጁ ሊያርመው እያሳከከው እስከ መጨረሻው ሰማው። ሲወጡም አመሰገነው። ቀላል አልነበረም። ነገም እንደማይቀል አውቆታል።

በስምንተኛው ቀን እታገኘሁን ከልጆቿ ጋር መናኸሪያ ሸኝቶ ወደ ቁልቁለቱ ወረደ። የአልታየች በር ክፍት ነበር። ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ገና ያልደረቀ የድስት አፍ በእርጥብ ጨርቅ ታለሰልሳለች። ከአጥሩ ውጭ ቆመ።

«ትናንት አልመጣህም» አለችው።

«አትምጣ ብለውኛል።»

እጇ ድስቱ ላይ ቆመ። በስምንት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን ቀጥ ብላ አየችው። አንቱ ያላት መሆኑን ሰምታለች። ግባ አላለችውም፤ ሂድም አላለችውም።

«ስብከትህን እሰማለሁ» አለች ወደ ሥራዋ ተመልሳ። «ከቅጽሩ ውጭ ሆኜ። ድምፅህ ደግ ነው።»

«እዚያ ይቆሙ እንደነበር አላየሁም።»

«አውቃለሁ።»

ድስቱን አዞረችው። ከዚያም መልአኩ ሳይጠይቃት ስለ አባቱ ነገረችው። ልብሷን በቀደደ በዓመቱ ነበር የመጣው። ልጁ ድኖ ከእኩዮቹ ጋር መሮጥ ጀምሮ ነበር። አሁን መልአኩ በቆመበት ቦታ ቆሞ አፉ በይኝ አላት። አልልህም አለችው። በሳምንቱ ሐሙስ መጣ፤ የጭቃ ውኃ ደፋችበት። በሚቀጥለው መጣ። ልግባ ይላል፤ አትግባ ትለዋለች። ይሄዳል። በሚቀጥለው ሳምንት አትምጣ ትለዋለች፤ ያን ሳምንት ይቀርና በሌላው ይመጣል። ስምንት ወር እንዲህ ሆነ። አንድ ቀን ከወንዝ የሸክላ አፈር ተሸክማ ስትወጣ መንገድ ላይ አገኛት። ሸክሙ አዘንብሎባት ነበር። ልያዝልሽ ወይ አላት። አይሆንም አለችው። እሺ ብሎ ከኋላዋ፣ ብዙም ሳይቀርባት፣ ቤቷ እስክትደርስ ድረስ ሄደ። ቢወድቅባት ሊያነሣላት ነበር መሰል። አልወደቀባትም።

«ያን ቀን ውኃ ሰጠሁት» አለች። «ለምን መሰለህ? እምቢ ስለው እሺ አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ እምቢ ስል እሺ ያለኝ ሰው አልነበረም። አባትህ ያን ጊዜ ማጭድ ይዞ ሲመጣም እምቢ ብዬው ነበር።»

መልአኩ ያቺን ወንበር አሰበ። ክንዷን ይዞ ያስነሣበትን እጁን አየው።

«እኔም አልጠየቅሁዎትም» አለ። «ራስዎን ነቅንቀው ነበር። አይቼዋለሁ። አይቼ ነው ያስነሣሁዎት።»

«አይተህ ነው።»

«አዎ።»

ስላላወቅሁ ነው አላለም፤ ለበጎ አስቤ ነው አላለም። ነፋሱ የባሕር ዛፉን ቅጠል አምጥቶ በመካከላቸው በተነው። አልታየች ድስቱን ከፀሐይ ወደ ጥላ አሳለፈችና አጎንብሳ አፉን አስተካከለች። መልአኩ ነጠላዋን ያኔ ነው ልብ ያለው። ለቅሶ ሊደርስ እንደመጣ ጎረቤት አልነበረም የለበሰችው። እንደ እታገኘሁ ጥለቱን ወደ ላይ ገልብጣ፣ ወንድም እንደሞተባት ሴት ነበር። ስምንት ቀን እዚህ ቁልቁለት ላይ ብቻዋን ሐዘን ተቀምጣለች። አንድም ሰው አልደረሳትም።

«ልግባ?» አላት።

«ግባ።»

ገብቶ ከፊቷ መሬት ላይ ተቀመጠ። ለስምንት ቀን ከመቶ ሰው አፍ የሰማውን ቃል እሱ ለማንም ብሎት አያውቅም ነበር። ጎርበጥ አለው።

«እግዜር ያጥናዎት» አላት። «ወንድምዎን ነው ያጡት።»

አልታየች ፀሐይዋን አየችና ዘጠኝ ሰዓት አልፏል፣ የምትቀምሰው ላምጣልህ፣ እጄን ልታጠብ ብላ ለመነሣት መሬቱን ተደገፈች። እጇ እስከ ክርኗ ጭቃ ነው። ውኃው በበሩ አጠገብ በጆግ ተቀምጧል። መልአኩ ቀድሟት ተነሥቶ አነሣው፤ ግን አላዘነበለም።

«ላስታጥብዎት?»

ጆጉን አየችው። እሱን አየችው። ከዚያ ቀስ ብላ ሁለት እጆቿን ዘረጋችለት። ጭቃው መጀመሪያ እየወፈረ፣ ኋላ እየቀጠነ ወረደ። በጥፍሯ ሥርና በመዳፏ ስንጥቅ ውስጥ የገባው አልለቀቀም፤ እሱም ማፍሰሱን አላቆመም። አባተ፣ አባተ ወንድሜ አለች፤ ስምንት ቀን የቆየው ለቅሶ መጣ። መልአኩ ጆጉን ሳያስቀምጥ በግራ እጁ እጆቿን ከሥር ደገፈላትና ውኃውን ቀስ አድርጎ ማፍሰሱን ቀጠለ።